ክርኔ የተቃናበት ሳምንት

ቅዳሜ፣ ሜይ 3፣ ከሰዓት
ኬኔሶ፣ ክሪኬት ሜዳ። ሙቀት። ቦውል እያደረግኩ፣ ኳሷን ለመቺው እየላክኩ ሳለ ዳኛው ጥፋት ነው ብሎ እጁን ዘረጋ። ኖ ቦል። ቀጣዩም ኖ ቦል። ትወረውራለህ አለኝ። በክሪኬት ከዚህ የባሰ ስድብ የለም፤ ኳሷ ስትለቀቅ የታጠፈ ክርን መዘርጋት የለበትም። ማስታወሻዬ፣ አንቺ ታውቂያለሽ። የእኔ ክርን ጭራሽ አይዘረጋም። በልጅነቴ ናይሮቢ ተሰብሮ፣ ጎብጦ ገጠመ። በዚያው እጅ፣ እዚያው ለአውራጃው ቡድን ተሰለፍኩ። ኳሴ መሬት ነክታ የምትዞረውም በእሱ ነው።

እሑድ፣ ሜይ 4
ካፒቴናችን ራጅ ደወለ። ጋያናዊ ነው፤ ሲናደድ ይስቃል። ሊጉ ቅዳሜ በካሜራ ይቀርፀኛል። ክርኔ ካልተንቀሳቀሰ ነፃ ነኝ። ከተንቀሳቀሰ እገዳ፤ በእኔ ዕድሜ ደግሞ እገዳ ማለት ማብቂያ ነው። የዛገ ማጠፊያ ነው፣ አይነቃነቅም አልኩት።
«በል ዘይት እንዳታስነካው!» ብሎ ሳቀ።

ማክሰኞ፣ ሜይ 6፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት
ሊቶኒያ፣ አማቴ እትዬ ጽጌ ቤት። የክርኔን ወሬ ሰምተው ሳይነግሩኝ ወጌሻ ጠርተዋል። ጋሽ ደምሴ። ቅቤ ይዘው ተቀምጠዋል። ትከሻዬን ብቻ ይሹልኝ አልኳቸው። ክርኔን ይተዉልኝ አልኩ።
«ይሄን እያየሁ ብተው እግዜር ይታዘበኛል!»
አማቴ ከኋላ ያዙኝ። «ዝም በል አንተ! ወንድ አይደለህም?»
እጄን መንጠቅ ነበረብኝ። ከሽማግሌ እጅ እንዴት ይነጠቃል? ይሉኝታ ያዘኝ። ጋሽ ደምሴ ጎተቱ። ቀጭ አለ። ጮህኩ።
«አየህ? አሁን ሰው ሆንክ» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ።

ሐሙስ፣ ሜይ 8
እብጠቱ ጎደለ። እጄ ይዘረጋል። በሙሉ አይደለም፤ ግን ለጥፋት ይበቃል። ጓሮ ቦውል አደረግኩ፣ ባለቤቴ ሰናይት በስልኳ ቀረፀችኝ። ቪዲዮውን ቀስ አድርጌ አየሁት። እጄ ሲነሳ ታጥፏል፤ ኳሷን ስለቅ ተዘርግቷል። ደግሜ አየሁ። እየወረወርኩ ነው። ቅዳሜ ዳኛው ተሳስቶ ነበር፤ ዛሬ ልክ ሆነ። ኳሷም አትዞርም። ቀጥ ብላ ትሄዳለች።

ዓርብ፣ ሜይ 9
በፋሻ አጥፌ አሰርኩት። አልያዘም። ጋሽ ደምሴ መልሰው ያጉብጡልኝ ይሆን ብዬ ሰናይትን ጠየቅኳት። ሳቀች። ፊቴን አይታ ፋሻውን ትፈታልኝ ጀመር።
እትዬ ጽጌ ደወሉ። ነገ ሜዳው ድረስ ይመጣሉ፣ ከጋሽ ደምሴ ጋር። የተቃናውን እጅ ሊያዩ። አትምጡ ማለት አቃተኝ።

ቅዳሜ፣ ሜይ 10፣ ጠዋት 3 ሰዓት
ፓርክ አድርጌ መኪናው ውስጥ ነኝ። ካሜራው ተተክሏል። ሁለቱ እንግዶቼ ጥላ ሥር ወንበር ዘርግተዋል። ጋሽ ደምሴ ለማያውቁት ሰው ክርናቸውን እየዘረጉ ያስረዳሉ።
ለራጅ ሁሉንም ነገርኩት። አልሳቀም። አሞታል ብለን እናስቀርህ፣ ሌላ ጊዜ ይቀርፁሃል አለ። ሌላ ጊዜስ ይጎብጣል? ደግሞስ አሞኛል ብል የጋሽ ደምሴን እጅ መስደብ ነው፤ እዚያው ወንበራቸው ላይ።
ስለዚህ ወርጄ ቦውል አደርጋለሁ። ካሜራው ያለውን ይበል።
ራጅ እየጠራኝ ነው። ጋሽ ደምሴ ብድግ ብለው ማጨብጨብ ጀመሩ። ገና ኳሷን እንኳ አልያዝኩም።