ጾመኛው ቀይ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

የደብራችን ጽሕፈት ቤት አሮጌ ማተሚያ ዛሬ አረፈች። የሰንበት ትምህርት ቤቱን ማስታወቂያ ግማሽ ገጽ አውጥታ፣ አንዴ ጮኻ፣ ዝም። መብራት የሄደ መስሎኝ ነበር... አልሄደም። ለመሪጌታ ሐብተ ማርያም ስነግራቸው "ነፍስ ይማር" ብለው ሻያቸውን ቀጠሉ።

የኅዳር ሚካኤል መጽሔት ገና አልታተመም። ንግሡ ደግሞ ደርሷል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

ሊገዛ ነው! የሚያትም፣ ኮፒ የሚያደርግ፣ ስካን የሚያደርግ፣ ሁሉን በአንድ። የሰበካ ጉባኤው ምክትል ሊቀ መንበር አቶ ሙሉሰው ጡረታ የወጡ የባንክ ሰው ናቸው፤ በግምት መግዛት አይወዱም። "ይፈተኑ፤ ነጥብ ይሰጣቸው" አሉ። ነጥብ ሰጪዋ ማን? ጸሐፊዋ። እኔ።

ፒያሳ ሱቅ ያላት ነጃት ሦስት ማሽን በባጃጅ ይዛ መጣች። አንዷ ጥቁር ብቻ ታትማለች። ሁለተኛዋ ባለቀለም ናት፤ በቶነር ዱቄት የምትሠራ። ሦስተኛዋም ባለቀለም፣ ግን ቀለሟ ከጠርሙስ የሚቀዳ። "እንደልባችሁ ሞክሩ፣ የወደዳችሁትን አስቀሩ" አለች ነጃት። "ብቻ ጠበል እንዳትረጩብኝ።"

ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ማታ ላይ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ... አሮጌዋ ጥቁር ብቻ ስለነበረች የእመቤታችን፣ የመላእክት፣ የቅዱሳን ስም የሚገባበትን ቦታ ባዶ እተወው ነበር። መሪጌታ በቀይ ብዕር አንድ በአንድ ይሞሉታል። ምእመኑ ሁሉ እጃቸውን ያውቀዋል። ቀይ የምታትም ማሽን ከገባች እሳቸው ምን ሊሠሩ ነው? ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ቤት የሚጠብቃቸው የለም። ጠዋት ጠዋት እዚህ የሚያመጣቸው ያ ብዕር ነው። አሳዘኑኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 28

የፈተና ቀን። በፍጥነት ጥቁሯን የሚያህል የለም። ባለቶነሯ መብራት ሄዶ ሲመጣ እስክትሞቅ ታንጎራጉራለች፤ ከሞቀች በኋላ ግን ፊትና ጀርባውን አስተካክላ ታወጣለች። የጠርሙሷ ዘገምተኛ ናት፣ ቀይዋ ግን! ገና የተፈጨ በርበሬ። አንደኛ ልላት ነበር።

መሪጌታ ገቡ። ወረቀቱን አዩት፣ "ሸጋ ነው" አሉ። ከዚያ ጣታቸውን ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ነክረው "ሚካኤል" የሚለው ላይ አሳረፉት። ቀዩ እስከ ኅዳጉ ወረደ።

"በንግሥ ቀን ጠበል ሲረጭ ሊቀ መላእክቱ በምእመኑ ነጠላ ላይ ይፍሰስ?"

የጠርሙሷ ፈተናውን ወደቀች። ለካ ነጃት ታውቅ ኖሯል።

ሰኞ፣ ኅዳር 1

የዛሬውን ለራሴ መጻፍም ያሳፍራል። ባለቶነሯ ላይ "ቶነር ቆጥብ" የምትል ምርጫ አለች። ነካኋት። ቀዩ ገርጥቶ ወጣ፣ የታጠበ ሸሚዝ መሰለ። በጥራት ዝቅተኛ ነጥብ ሰጠኋት፤ ጥቁሯ አንደኛ ወጣች። አቶ ሙሉሰው ነጥቡን ደምረው "ቁጥር አይዋሽም" አሉ።

አይ አቶ ሙሉሰው...

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ተያዝኩ። አቶ ሙሉሰው ከመወሰናቸው በፊት "ቀዩን ቀይ የሚያውቅ ሰው ይየው" ብለው መሪጌታን ጠሩ። መሪጌታ ወረቀቱን መስኮት ላይ ዘረጉት። ቀጥለው እኔን አዩኝ።

"ምነው ልጄ፣ ጾመ ነቢያት ሳይገባ ይህ ቀይ መጾም ጀመረ?"

አቶ ሙሉሰው ምንም አልገባቸውም። የእኔ ፊት ግን ወረቀቱ ያጣውን ቀይ ሁሉ አመጣው። ሰውየው ወጣ እንዳሉ ዘረገፍኩት። ብዕሩን፣ ባዶ ቤታቸውን፣ ቶነሩን... ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ጥምጥማቸው እስኪላላ ሳቁ።

"እኔ እኮ ያች አሮጌ ማሽን እንድታርፍ ስንት ጊዜ ተመኘሁ!"

"ታዲያ ምነው አልነገሩኝም?"

"አንች ባዶ ባዶውን ትተሽ፣ ደስ ብሎሽ ስታመጭልኝ ምን ልበልሽ?"

እጃቸውን ያማቸዋል ለካ። ቤታቸው በብራና የጀመሩት ድርሳነ ሚካኤል አለ፤ በየንግሡ የኛ ወረቀት እየቀደመው ከግማሽ አላለፈም። እኔ እሳቸውን ልጠብቅ፣ እሳቸው እኔን ላያስከፉ... ስንት ዓመት ስንተዛዘል ኖረናል!

ምርጫዋን መለስኳት፣ እንደገና አተምን። ቀዩ ቀላ። ውኃም ነካነው፣ አልተነቃነቀም። ለአቶ ሙሉሰው "ስህተቱ የማሽኗ አይደለም፣ የእኔ ነው" አልኳቸው። "የታረመ ቁጥር ደግሞ ጭራሽ አይዋሽም" ብለው እንደገና ደመሩ። ባለቶነሯ ቀረች።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ነገሠ! መጽሔቱ ደርሷል፣ ጠበሉም ተረጭቷል፣ ቀዩ ንቅንቅ የለም። አንዲት እናት ብቻ ገጹን ገላልጠው "የመሪጌታ እጅ የት ሄደ?" አሉ።

እሑድ፣ ኅዳር 28

መሪጌታ ጽሕፈት ቤት ከመጡ ሰነበቱ። ባዶ ወንበራቸውን ማየት ስለሰለቸኝ ከቅዳሴ በኋላ በታክሲ አዘዞ ቤታቸው ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ ብራናውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ጣታቸው ቀለም በቀለም ሆኗል። እንዲህ ፊታቸው ፈክቶ አይቻቸው አላውቅም።

"ነይ፣ አንዲት ባዶ ቦታ ትቼ ነበር" አሉ። "ከአንች የተማርኩት ነው።"

ጸሎቱ የሚያልቅበትን አሳዩኝ፤ በመጽሐፉ የሚታሰበው ሰው ስም የሚገባበትን። ዕቀባ ለአመትከ፣ ባሪያህን ጠብቃት ይላል... ከዚያ ወለተ ሥላሴ። የክርስትና ስሜ። መቼ እንደነገርኳቸው እንኳ አላስታውስም። ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ለመደበቅ ያህል ቀለድኩ።

"ምነው የእኔን በጥቁር አደረጉት?"

"ቀዩ የቅዱሳን ነው። አንች ደግሞ ከዚያ ከቶነሩ ነገር ወዲህ... ገና ብዙ ይቀርሻል።"

ቀለሙ አልደረቀም ነበር። እንዳልነካው እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ደጋግሜ አነበብኩት።