ለአባባ የላክኸው ማጉያ

ለውድ ወንድሜ ለይርሳው፣

እንደምን ከርመሃል? የሰመራ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እስከዳር ወገቧን ተሻላት? ንጋትስ ትምህርት ቤቱን ለመደችው ወይስ አሁንም በሩ ላይ ሙጭጭ ብላ ታለቅሳለች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ቢቸናም ሰላም ነው፣ ቢሮም እንደ ወትሮው ነው። ከአንተ ጋር መጣላቴን ካልቆጠርነው ምንም አልጎደለብኝም። ነገሩን በስልክ ልነግርህ ሁለት ጊዜ ጀመርሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሳልጨርስ ሳቅህን ለቀቅኸው። ስለዚህ ጻፍሁልህ፤ ደብዳቤ ሲያነቡት ማቋረጥ የለም።

የአባባ ድምፅ ደክሟል፣ ቅኔ ሲያቀርቡ ከተማሪያቸው ከወልደ ኪዳን በቀር የሚሰማቸው የለም ብዬ የነገርሁህ እኔው ነኝ፤ ይህን አልክድም። አንተ ደግሞ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ ብለህ በሳምንቱ አምፕሊፋየር፣ ሁለት ጥሩምባ ስፒከርና አንድ ማይክ በካርቶን አሽገህ ቢቸና መናኸሪያ ላክህልኝ። መመሪያ ወረቀት የለው፣ ምን የለው። ስደውልልህ “ቀላል ነው፤ ቀዩን ከቀዩ፣ ጥቁሩን ከጥቁሩ” አልኸኝ። ወንድሜ፣ ሁሉም ሽቦ ጥቁር ነበር።

ካርቶኑን ረዳቱ ጣሪያ ላይ ካልጫንሁ ብሎ ሲጨቃጨቀኝ፣ ይሰበራል ብዬ ጭኔ ላይ አድርጌ ደብረ ወርቅን አልፌ ሞጣ አባባ ዘንድ እስክደርስ እግሬ የኔ አልነበረም። አስተርእዮ ማርያም ሁለት ቀን ቀርቷት ነበር። ሞባይል የሚጠግነውን ሽታሁንን ለመንሁት፤ ፒንሳውን ይዞ ቤተ ክርስቲያን መጣ። የሰበካው ሊቀ መንበር አቶ ፋንታ ደግሞ ምንም ሳይዙ መጥተው ያዝዙ ጀመር። ከአምፕሊፋየሩ ኋላ ቁጥር የተጻፈባቸው ብሎኖች ተደርድረዋል። ሽታሁን፣ ትልቁ ቁጥር ትልቅ ድምፅ ያወጣል ብሎ መቶ ከሚለው ላይ አሰረው። ወዲያው የተቃጠለ ነገር ሸተተን። ነቅለን ስንደውልልህ መጀመሪያ ሳቅህ፣ ቀጥሎ አራት ከሚለው ላይ እሰሩት አልህ። ይህን ቀድመህ ብትናገር ምን ነበረበት?

ቀጥሎ አቶ ፋንታ፣ የኔታ የራሳቸውን ድምፅ መስማት አለባቸው ብለው ጥሩምባውን ፊት ለፊት ወደ ማይኩ አዞሩት። ጩኸቱ ደብተራዎቹን ጆሯቸውን አስይዞ ከጥላው አስነሣቸው። ሽታሁን ስፒከሮቹን ከማይኩ ፊት አውጥቶ ወደ ሕዝቡ ካዞራቸው በኋላ ደግሞ ጭራሽ ዝም አለ። አንድ ሰዓት ሙሉ ሽቦ ሲፈታና ሲያስር ቆየ። ለካ ማይኩ ራሱ ማብሪያና ማጥፊያ ኖሮታል። አሁን ሳቅ፤ ፈቅጄልሃለሁ።

እሑድ ታቦቱ ወጥቶ ሕዝቡ ዐውደ ምሕረቱን ሞላው። እኔ ከሴቶቹ ጋር ቆሜያለሁ። አቶ ፋንታ ማይኩን በአባባና በወልደ ኪዳን መካከል አቆሙት። ልማዱን ታውቃለህ፤ አባባ ቅኔውን ቤት በቤት በጆሮው ይነግሩታል፣ እሱ ተቀብሎ በዜማ ያደርሰዋል። የመጀመሪያው ቤት በአባባ በራሳቸው ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ። ደስታዬን አልደብቅህም፤ ይቅር ልልህ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ሁለተኛው ቤት ግማሹ ላይ ቆመ። ከዚያ በሁለቱም ስፒከር፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እየሰማ፣

“ወልዴ፣ ጠፋብኝ፤ እንዳምናው አንተው ሙላልኝ” አሉ።

ወልደ ኪዳን እጁን ሰዶ ማይኩን አጠፋው። ጆሮውን ወደ አባባ አዘነበለ፣ የሚሰማ መስሎ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያም ቅኔውን እስከ መጨረሻው በገዛ ጉሮሮው አደረሰው። ሊቃውንቱ “ይበል፣ ይበል” አሉ። አንድም ሰው ወደ ጎረቤቱ ዞሮ አላየም።

ሕዝቡ ሲበተን ወልደ ኪዳንን ይዤ አፋጠጥሁት። ዛሬ መሪጌታ ቢሆንም እቤታችን ያደገ ተማሪ ነውና አልፈራሁትም። ሁለት ዓመት ሆኗል አለኝ። መጀመሪያ አንድ ቃል ነበር የሚጠፋቸው፣ ቀጥሎ አንድ ቤት፤ አምና ያቀረቡት ቅኔ ከግማሽ በላይ የእሱ ነበር። እኛ ድምፅ ነው ስንል የደከመው ሌላ ነው። ለምን አልነገርኸንም ብዬ ጮኽሁበት። እሱ ግን ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

“ብነግራችሁ ምን ታደርጉ ነበር? ዕቃ ትልኩ ነበር” አለኝ።

ቢቸና ያለሁት እኔ እንኳ ከመስቀል ወዲህ ሞጣን አልረገጥሁም።

ምሳ ላይ አቶ ፋንታ ነገሩን ሊሸፍኑ ብለው ጥፋቱን በሙሉ በማሽኑ አላከኩ፤ ሽታሁን ያሰርሁት በደንብ ነው ብሎ ሊምል ተነሣ። አባባ እጃቸውን ታጥበው ጨረሱና፣ “ልጁን አትውቀሱት፤ ሽቦው ደህና ነው። የተቆረጠው እኔ ጋ ነው” አሉ። ያውቁታል ይርሳው። ከእኛ ቀድመው ያውቁታል።

ማጉያው ከዕቃ ቤት ገብቷል። ከእንግዲህ ምንም ነገር አትላክ፤ እኔም አልሸከምልህም። ፈቃድ ሙላና ራስህ ና። ፋሲካ ይድረስ፣ ንጋት ትምህርት ትዝጋ እያልህ አታስጠብቀኝ።

እስከዳርን በርቺ በልልኝ። ንጋትን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። እማዬ ደህና ናት፤ ለእስከዳር ወገብ ቅቤ አንጥራ አስቀምጣለች፣ መጥተህ ትወስደዋለህ። ሽታሁን ሰላም ብሎሃል፣ ሽቦ ቀለም እንዳለው ለዚያ ሰው ንገሪልኝ ብሏል። ወልደ ኪዳንም ሰላም ብሎሃል። አባባ ወደ ቢቸና ልመለስ ስነሣ እስከ በሩ ሸኝተው መረቁኝ። ቀጥለው ለአንተ መመረቅ ጀመሩ፤ “ሰመራ ያለውን ልጄን” ብለው ስምህ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ወደ እኔ አዩ፤ እኔ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንሁ። ወልደ ኪዳን አጠገባቸው ነበርና ጎንበስ ብሎ በጆሯቸው “ይርሳው” አላቸው።

እኅትህ ፀሐይነሽ

ቢቸና፣ ጥር 25 ቀን 2015 ዓ.ም.