ሳላነብላት ያለፍኩት መስመር

ኅዳር 3፣ ከቀኑ 10 ሰዓት
ዛሬም መጋዘን፣ ሰሊጥ ማበጠር። ወገቤ አልቀና ብሏል። ስመለስ ሸሕዲ፣ የቀን ሠራተኛው ከሚቆምበት ሜዳ ላይ፣ የሺን አየኋት። ለሠራተኛው ሽሮ ትሸጣለች። ካየኋት ዘጠኝ ዓመት! ከስታለች። እንዳላየ ሆኜ ላልፍ ስል እትዬ ማሬ ብላ ጠራችኝ። አገላብጣ ሳመችኝ። ደብተሬ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 5
ላንቺ ያልጻፍኩት አለ። የሺ ለአጨዳ ከወሎ መጥታ በጋሽ ደምሌ እርሻ ካምፕ ምግብ አብሳይ ሆነች። በዓመቱ ወደ እሱ ጎጆ ገባች። አምስት ዓመት አብረው ኖሩ፣ ሴት ልጅ ወለዱ። የመጋዘኑ ቁልፍ በእጇ። ሠራተኛ ከጋሽ ደምሌ ጋር ሲጣላ አማላጅ የሚልከው ወደ እሷ። ሠርግ ግን የለም፣ ወረቀት የለም። እሱ ሲሞት ወንድሙ አቶ ጥጋቡ ገረዱ ነበረች ብሎ አስወጣት። ከሰሰች። ምስክር አድርጋ ከቆጠረቻቸው አንዷ እኔ፤ ባሌ የካምፑ ጠባቂ ስለነበር ሁሉን አውቃለሁ።
ዳኛው ሚስቱ ነበረች ወይ አሉኝ። ስታበስል ነው የማውቃት አልኩ። መኝታዋስ? ከአብሳዮቹ ጋር አልኩ።
ይህን የምጽፍበት ቤት የአቶ ጥጋቡ ነው።

ኅዳር 9፣ እሑድ
የሺ መጣች። የፍርዱን ግልባጭ በፌስታል ጠቅልላ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ብቻዬን ፊደል መለየቴን ሰው ነግሯታል። ምስክር በተሰማ ቀን ልጇን ወባ ጥሏት ጤና ጣቢያ ነበረች፤ ስታበስል አውቃታለሁ ማለቴን ብቻ ነው በወሬ የሰማችው፤ ስለ መኝታዋ ያልኩትን አታውቅም። ባልሽ ነው ያስፈራራሽ፣ አልቀየምሽም አለች።
አነበብኩላት። "መኝታዋ ከአብሳዮቹ ጋር እንደነበር መስክራለች፤ ፍ/ቤቱም ይህን ቃል በዋናነት በመቀበል" ከሚለው ስደርስ ዘለልኩት። ወደ ውሳኔው ሄድኩ። አጭር ነው እንዴ? አለች። አዎ አልኩ።
ልጅቷ ት/ቤት በአያቷ ስም ነው የምትጠራው። አባትሽ ማነው ሲሏት ዝም ትላለች አሉ። ጎበዝ ናት፣ ከክፍሏ ሁለተኛ።
ባሌ አላስፈራራኝም። እውነቱን ተናገሪ፣ ቤት ሌላ እንፈልጋለን ነበር ያለኝ። አቶ ጥጋቡ እሰጣችኋለሁ ያለን ቤት ጣራው ቆርቆሮ ስለሆነ ነው ያስጎመጀኝ። ቆርቆሮ!

ኅዳር 12
ፍ/ቤቱ በር ላይ ወደሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊ ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው። ለጎረቤቴ ነው አልኳቸው። ፍርድ በሐሰት ምስክር ከተሰጠ እንደገና እንዲታይ ይጠየቃል አሉ፤ የተጎዳው ሰው ነገሩን ካወቀ ጀምሮ አንድ ወር አለው። ምስክሯስ? ትታሰራለች። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። ጋቢ አትያዝ በያት ለጎረቤትሽ፣ የኛ አገር እስር ቤት ይሞቃል አሉ።
እህል አልበላሁም። ዝም ብል ማንም አያውቅ። ወሩም አይጀምር።

ኅዳር 14
ሽሮ ስታማስል አገኘኋት። ወረቀቱን አምጪ አልኳት፤ የዘለልኩትን አነበብኩላት።
"ባልሽ ነው?"
"እኔ ነኝ። ቤቱን ፈልጌ።"
ማማሰሏን አላቆመችም። ሽሮው ከታች እስኪይዝ። ከዚያ፣ ሳታየኝ፦
"ያን ቀን ልጄ ትሞትብኛለች ብዬ ሮጥኩ። ማሬ አለችልኝ ብዬ ነው ችሎቱን የተውኩት።"
አለቀስኩ።
"አታልቅሽብኝ፣ ሠራተኛው ሊመጣ ነው" አለች።
እትዬ አላለችኝም።

ኅዳር 17፣ ሰኞ ጠዋት
ማመልከቻዋ ተጽፏል። የኔ ቃለ መሐላ አብሮ ይያያዛል፤ ዛሬ 3 ሰዓት እናስገባለን። አቶ ጥጋቡ ወሬው ደርሶት ሰው ላከብኝ፣ በሰላም ኑሪ እያለ። ቤቱን ለቅቄያለሁ በሉት አልኩ። ዕቃዬ ሁለት ማዳበሪያ ሆነ፣ ጎረቤት አስቀመጥኩ።
ብታሰር የሚጠይቀኝ የለም። ይሁን። መኝታዋስ ካሉኝ፣ ከባሏ ጋር እላለሁ። ማን አስዋሸሽ ካሉኝም የሟቹን ባሌን ስም አላነሣም።
የሺ መጥታለች። ግቢ ብላት እንቢ ብላ ደጅ ቆማለች። ልጅቷንም ይዛታለች፣ ዓይኗ ቁርጥ የጋሽ ደምሌ ነው።