የመይሙና ሰላምታ

ዋዳን፣ ሻዕባን 9 ቀን 1438

ለምወድሽ ልጄ ለተስለም፣

የአላህ ሰላም በባሕሩ ማዶ ካለሽበት ይድረስሽ። «አባባ፣ ልጄ መቃብር ለመቃብር መዋሏን ሰማሁ፤ ከልክላት» ብለሽ ልከሻል። ልከለክላት ሄጄ ነበር። የሆነውን ልንገርሽ።

እናትሽን ዘይነቡን ከቀበርን ዛሬ አሥራ ሁለት ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ልጅሽ መይሙና ከወተት በቀር እህል በአፏ አልዞረም። ሳህኑን ወደ እኔ ትገፋለች። ክንዷን ስይዘው ደነገጥኩ። በልቤ «ጌታዬ፣ ይህችንም ልትወስዳት ነው?» አልኩ፤ ይቅር ይበለኝ። እህቴ ኸዲ «ልጅቱን ጂን ነክቷታል፤ አንተ መቁጠሪያህን ግፋ» ትለኛለች።

ትናንት ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ተከተልኳት። ጫማዋን አውልቃ መቃብሩ አጠገብ ተቀመጠች።

«አያቴ፣ እንዴት ዋልሽ?» አለች። ዝም።

«አሸዋው አይከብድሽም?» ዝም።

በየጥያቄው አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትጠብቃለች። አንዴማ ሳቀች። የእኛን ሰላምታ ታውቂዋለሽ፤ ቤቱን፣ ግመሉን፣ ዝናቡን አከታትለን ጠይቀን መልስ ሳንሰማ እናልፋለን። ለእያንዳንዱ መልስ የምትጠብቅ እናትሽ ብቻ ነበረች።

አጠገቧ ተንበርክኬ እንደ ልማዴ ሰላምታውን አወረድኩት።

«አባባ፣ ቀስ በል እንጂ» አለችኝ። «እየመለሰችልህ እኮ ታቋርጣታለህ።»

እናትሽ በታመመችበት ሳምንት እንኳ «ደህና ነሽ?» ብዬ፣ መልሷን ሳልሰማ ቴምሩን ላጠጣ እሮጥ ነበር።

እንደገና ጀመርኩ። «እንዴት ነሽ ዘይነቡ?» ብዬ ጠበቅሁ። ድምፅ ሰማሁ አልልሽም። ግን ስድሳ ዓመት ስሰግድ እንደዚያ ያለ ዝምታ ውስጥ ገብቼ አላውቅም። ፀጉሬ ቆመ። የሰባት ዓመት ልጅ ግን እዚያ ውስጥ እንደ ቤቷ ተቀምጣለች።

በኋላ አሸዋውን ከቀሚሷ አራግፋ ተነሣች።

«እንሂድ አባባ። ምሳ በልተሻል ወይ ብላ ጠየቀችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«ምንም አላልኳትም። ለአያቴ አልዋሽም።»

ቤት ገብታ ኩስኩሱን ከድስቱ በእጇ እየዛቀች በላች። ኸዲ አፏን ይዛ ስታያት ቆይታ፣ «ጂኑ ለካ ርቦት ኖሯል» አለች።

ስለዚህ አልከለከልኳትም፤ አትቀየሚኝ። እናትሽ እኔንም «አንተስ?» ብላ የጠየቀችኝ አለ። ምን ብዬ እንደምመልስላት እስካውቅ ድረስ ከልጅሽ ጋር እሄዳለሁ።

አላህ በሰው አገር ሰው ያድርግሽ፤ ደጁን ሁሉ ይክፈትልሽ።

አባትሽ ሲዳቲ