የአባዬ መኪና ከተማ ሲገባ

ውድ ሚናስ፣

ይህን የምጽፍልህ ቢሮ ቁጭ ብዬ ነው። የምሳ ሰዓት ስለሆነ ሁሉም ወጥቷል። ልደውልልህ ሞክሬ ነበር፤ ቁጥርህ ላይ ስደርስ ግን ደከመኝ። አንተ «እንዴት ናችሁ?» ስትል፣ እኔ «ደህና ነን» ስል፣ በዚያው የሚያልቅ መሰለኝ።

እኔ አልታመምኩም። ደክሞኛል እንጂ። ጠዋት አባዬን አጥቤ፣ አልብሼ፣ ቁርሱን አቅርቤለት ከአፍንጮ በር ወደ አራት ኪሎ እሮጣለሁ። ማታ ተመልሼ ያንኑ ሥራ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እሠራዋለሁ። ቀን ቀን ከማዶ ሰፈር እማማ ሙሉነሽ ብቅ እያሉ ያዩት ነበር። እሳቸውም ሰፈራቸው ሲፈርስ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ከከተማው ዳር ገብተዋል። ስለዚህ አባዬ የሚውለው ከኮምፒውተሩ ጋር ነው፤ አንተ ከገጣጠምክለት ኮምፒውተር ጋር።

ያመጣህበትን ቀን መቼም አትረሳውም። አባዬ ስትሮክ መትቶት ቀኝ ጎኑ ከተያዘ ወዲህ ግድግዳ ሲያይ ነበር የሚውለው። ዕድሜውን በሙሉ የጅቡቲን መንገድ በተሳቢ ሲመላለስ የኖረ ሰው ከአልጋ ወደ ወንበር ለመሄድ የኔን ትከሻ ይጠብቅ ነበር። አንተ ያገለገለ ዕቃ ከየሱቁ ለቃቅመህ ኮምፒውተር ሠራህለት፣ መሪና ፔዳል ገጠምክለት፣ የጭነት መኪና መንጃ ጨዋታ ጫንክለት። ነዳጁን ወደ ግራ እግሩ አዛወርክለት። መሪውን በግራ እጁ ጨብጦ «ይሄ መኪና የማን ነው?» አለህ። «የእርስዎ ነው ጋሼ» አልከው። «ታዲያ ሊብሬው የታለ?» ሲልህ እኔና አንተ ሳቅን። እሱ አልሳቀም፤ ፍሬኑን እየሞከረ ነበር።

ከዚያ አንተ ሐዋሳ ሥራ አገኘህ። «እንጋባና አብረን እንሂድ፣ አባትሽንም እንወስዳለን» አልከኝ። አባዬ ደግሞ «እኔ ከዚህ ቤት የምወጣው በሰው ትከሻ ነው» አለ። በመሃላችሁ ሆኜ «ሂድ» አልኩህ። ስላልፈለግኩህ የመሰለህ ይመስለኛል። አልነበረም። ሁለታችሁንም ለመለመን አቅም አልነበረኝም፣ ያ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

ከጥምቀት በኋላ አባዬ መንዳት ተወ። «ምነው?» ስለው «ሰለቸኝ» ይላል። ምግቡን መግፋት ጀመረ። ወንበሩን ከኮምፒውተሩ አዙሬ ወደ መስኮቱ እንዳስጠጋለት ጠየቀኝ፤ አስጠጋሁለት። ቀኑን ሙሉ ማዶ የፈረሰውን ሰፈር ያያል። እኔም፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ለምን ብዬ አጥብቄ አልጠየቅኩም። ማታ ማታ ለመጠየቅም ጉልበት ያስፈልጋል።

አንድ ቅዳሜ ጥፍሩን ስቆርጥለት፣ ቀና ሳይል «ልጄ፣ ሰውን ለሁለተኛ ጊዜ ሲመታው እንዴት ነው የሚጀምረው?» አለኝ።

መቁረጫው ከእጄ ወደቀ። «ምን ሆነሃል አባዬ?»

«ይቋረጥብኛል።»

«ምኑ?»

«ዓለሙ። አውራ ጎዳናው ላይ ደህና ነኝ። ከተማ ስገባ ግን ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። ስመለስ መኪናው የነበረበት ቦታ የለም፣ ወይ ግንብ ውስጥ ገብቷል። የት ሄጄ እንደመጣሁ አላውቅም። ጭንቅላቴ እየከዳኝ ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ከሥራ ቀርተሽ ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ልትንከራተቺ? ይበቃሻል ብዬ ነዋ።»

ያን ሁሉ ጊዜ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ሁለተኛውን ምት ሲጠብቅ ነበር፣ ሚናስ። ብቻውን።

ምን እንደማደርግ ግራ ገባኝ። ብቻ ወንበሩን መልሼ ኮምፒውተሩን ከፈትኩና «እስቲ ንዳ፣ አጠገብህ ነኝ» አልኩት። እንቢ አለ። ለመንኩት። በመጨረሻ መኪናውን አስነሣ። አውራ ጎዳናው ላይ መኪናው እንደ ውሃ ይፈስሳል። ከተማው መግቢያ ላይ መብራቱ፣ ሕንጻው፣ ከየአቅጣጫው የሚመጣው መኪና በዛ፤ ምስሉም ቀጥ አለ። ድምፁ ሳይቀር ተንተባተበ። ከዚያ ሲለቀው መኪናችን ከመንገዱ ወጥቷል።

«አባዬ፣ ቆመ!» አልኩ።

ዞር ብሎ አየኝ። «አየሽው?»

«አየሁት።»

«አንቺም? በዓይንሽ?»

«ኮምፒውተሩ ነው የቆመው አባዬ። አንተ አልቆምክም።»

መሪውን ለቀቀና ፊቱን በግራ መዳፉ ሸፈነ። «እኔ አይደለሁማ» አለ። ደጋግሞ «እኔ አይደለሁማ» አለ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት እናቴ የሞተች ጊዜና ያን ቀን ነው። ለማንኛውም ብዬ ሰኞ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት፤ አዲስ ነገር የለም ተባልን። 

ከዚያ ኮምፒውተሩን በነጠላ ጠቅልዬ ታክሲ ውስጥ ታቅፌ ነጂባ ጋ ሄድኩ፤ አንተ ዕቃ ትገዛባት የነበረችው ነጂባ። የድሮው ሱቋ ፈርሶ ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ ካለ ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጠባብ ክፍል ተከራይታለች። ሲያነሷቸው ግማሹ ዕቃዋ እንደጠፋ ስትነግረኝ እንኳ እጇ ሥራ አልፈታም፤ ጨዋታውን ከፍታ ከተማ አስገባችውና ጎን ለጎን ቁጥሮች የሚታዩበት መስኮት አወጣች።

«አየሽ ጸሎት፣ ግራፊክስ ካርዱ ቁጭ ብሎ እየጠበቀ ነው፤ ሥራ ፈቷል። ፕሮሰሰሩ ነው ትንፋሽ ያጠረው። የካርዱ ሥራ ምስሉን መሳል ብቻ ነው። እያንዳንዱ መኪና የት ይታጠፍ፣ የት ይቁም የሚለውን የሚያስበው ፕሮሰሰሩ ነው። ጨዋታው እየታደሰ እየታደሰ ከብዷል፤ እሱ ግን ያው የድሮው ነው።»

«ይቀየራል?»

«ይቀየራል። ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት ማዘርቦርድ ጠንከር ያለውን ይቀበላል፤ ሌላ የምትነኪው ነገር የለም። ግን ርካሽ አይደለም። ለሌላ ሰው ቢሆን ‹ለአንድ ጨዋታ ብለህ አትቀይር› ነበር የምለው። እስቲ መጀመሪያ የከተማውን መኪና ቀንሼ ልስጥሽ።»

ቀነሰችው። እውነትም መቆሙን ተወ። እፎይ ብዬ ወደ ቤት መለስኩት። አባዬም ነዳ። ከተማ ገባ፤ አልቆመም። መብራት ይበራል ይጠፋል፣ መንገዱ ላይ ግን ማንም የለም። አንዱን አደባባይ ዞረ፣ ሌላውን ዞረ።

«ሰዉን ሁሉ አነሡት እንዴ?» አለኝ።

ትንሽ ነድቶ ዳር ያዘና ሞተሩን አጠፋ። «ባዶ ከተማ በመስኮትም አያለሁ» አለ። ወንበሩን ለማዞር ስነሣ «ተይው፣ ደክሞሻል» አለኝ።

እኔ ደግሞ ለዕረፍቴ ያስቀመጥኳት ትንሽ ገንዘብ ነበረችኝ። ለፋሲካ አባዬን የሚጠብቅ ሰው ቀጥሬ ሐዋሳ ልመጣ አስቤ ነበር። ልነግርህ አልደፈርኩም፤ በርህን ሳላንኳኳ ሐይቁን አይቼ የምመለስም ይሆናል። ብቻ በዚያች ሐሳብ ነበር ጠዋት ጠዋት የምነሣው። ቀናት አመነታሁ። ለጨዋታ ዕቃ ይህን ያህል? አባዬ የሚነዳው ስንት ዓመት ነው? እኔስ አላርፍም? ማንም እንዲህ ብዬ ማሰቤን አላወቀም፤ አሁን አንተ አወቅክ።

ተመልሼ ነጂባ ጋ ሄድኩ። «ያዋጣል ወይ?» አልኳት።

«ለጨዋታው ከሆነ አያዋጣም» አለችኝ፤ «ለጋሼ ከሆነ ግን እኔን አትጠይቂኝ።»

ቀየርኩት።

ትናንት እሑድ ከምሳ በኋላ አባዬ ኮፍያውን አድርጎ ተቀመጠ። የከተማው መኪና እንደ ድሮው ተመልሷል። መግቢያው ላይ ሲደርስ ትንፋሹን ያዘ፤ እኔም ያዝኩ። መብራቱን አለፈ። አውቶቡስ ገባበት፣ ጥሩምባ ነፋበት፣ ሰደበው። ምንም አልተቋረጠም። በደስታ ነዳጅ ሰጥቶ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ተሳቢው ሰፋበትና አንድ አጥር ከነምሰሶው ጠረገው።

ደነገጥኩ። እሱ ግን መሪውን በመዳፉ እየመታ ይስቃል። «ይሄኛው የኔ ነው!» አለኝ። «ይሄኛው የራሴ ጥፋት ነው፣ ልጄ!»

እኔ ከኋላው አልጋው ላይ ጋደም ብዬ የሞተሩን ድምፅ እየሰማሁ እንቅልፍ ወሰደኝ። ቀን ከተኛሁ ስንት ጊዜዬ ነው። ስነሣ ጋቢውን በአንድ እጁ ጎትቶ እግሬ ላይ ጣል አድርጎልኝ አገኘሁ፤ እንዴት እንደደረሰ አላውቅም።

ሻይ ሳቀርብለት ስለ አንተ ጠየቀኝ። ነጂባ ኮምፒውተሩን ቀይራ ቤት ስታመጣልን፣ በዚህ ጨዋታ ሁለት ሰው ከተለያየ አገር ሆኖ ባንድ መንገድ ላይ አብሮ መንዳት እንደሚችል ነግራው ኖሯል፤ በድሮው ፕሮሰሰር የማይሞከር ነበር፣ አሁን ይችላል። «ሚኑ ሐዋሳ ሆኖ ከኋላዬ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው?» አለኝ። «ሥራ ይበዛበታል አባዬ» አልኩት። «እሑድም?» አለኝ። ለዚህ ነው የጻፍኩልህ።

እንድትመለስ አልጠይቅህም። እኔም በቅርቡ እመጣለሁ አልልህም፤ ያልኩህ ዕረፍት ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቷል። ግን እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ብታገኝ አባዬ መግቢያው ላይ ዳር ይዞ ይጠብቅሃል። እኔ በዚያች ሰዓት እተኛለሁ።

ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው፣ ሚናስ። አደራህን፣ አትቅደመው።

ጸሎት ገብረክርስቶስ
አራት ኪሎ