ስለ ቼንጎ ባያ ቀኝ እጅ፦ ለቹምቪኒ ፖሊስ ጣቢያ አዛዥ

ለተከበሩ የቹምቪኒ ፖሊስ ጣቢያ አዛዥ
ሞምባሳ

ክቡር ሆይ፣ ከነመላው ቤተሰብዎ እንደምን ሰነበቱ? ከውቅያኖሱ የሚመጣው ነፋስ በቢሮዎ መስኮት እንደልብ እንዲገባልዎ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ትንፋሽ ሳያጥርዎ ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ምዋናሻ ኦማሪ፣ በአሮጌው የኮኮናት መጋዘን ውስጥ ለሠፈሩ ወጣቶች ጁዶ የማስተምረው ሴት ነኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አስተምር የነበርኩት። ጽሕፈት ቤትዎ ከሥራ ብዛት የተነሣ ሊያስገባኝ ስላልቻለ፣ ምስጋናዬንና ጥቂት ቅሬታዎቼን በአደባባይ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

፩ኛ፣ ባለፈው ዓመት በትርኢታችን ቀን የክብር እንግዳ ሆነው ስለተገኙልን አመሰግናለሁ። ከፊት ወንበር ተቀምጠው ሲያጨበጭቡላቸው ልጆቹ እንዴት እንደኮሩ አልረሳውም። አብዛኞቹ ቀድሞ ገጀራ ይዘው መንገደኛ ይዘርፉ የነበሩ ናቸው። ቼንጎ ባያም ከእነሱ አንዱ ነበር። ገጀራውን ደጃፋችን ላይ ጥሎ የገባ ዕለት፣ "ቲቸር፣ ሰው መጣል ነው አሉ የምታስተምሪው?" ብሎ ጠየቀኝ። "መጀመሪያ መውደቅ ነው የምትማረው" አልኩት። "እሱንማ ተክኜበታለሁ" ብሎ ሳቀ። ውሎ ሲያድር በጋሪ ውሃ እየሸጠ እናቱን መጦር ጀመረ፤ ከሥራ መልስ ደግሞ ትንንሾቹን ያሠለጥንልኝ ነበር።

በዚያ ትርኢት ላይ ክቡርነትዎ አንድ ነገር ግር ብሎዎት፣ "ይሄ ልጅ ወለሉን በመዳፉ የሚደበድበው ምን ሆኖ ነው?" ብለው ጠየቁኝ። የታነቀ ሰው "በቃኝ፣ ተሸንፌያለሁ" የሚልበት ምልክት እንደሆነ፣ ምልክቱን ያየም ወዲያው መልቀቅ ግዴታው እንደሆነ አስረዳሁዎት። "እስቲ እኔን ያዙኝ!" ብለው ኮትዎን አውልቀው ወረዱ። የያዘዎት ቼንጎ ነበር። ክንዱ አንገትዎ ላይ ከማረፉ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት፤ እሱም ወዲያውኑ ለቀቀዎትና አቧራዎን አራግፎ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣዎት። "ጨዋ ልጅ ነው፣ በርቺ!" አሉኝ። በርትቼ ነበር።

፪ኛ፣ ስለ ፖሊሶችዎ ትጋት ነው። የሠፈራችን ፋርማሲ በተዘረፈ ማግስት፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ቼንጎ ጀሪካን የጫነ ጋሪውን እየገፋ እማማ ሲዲ ድንች ከምትጠብስበት ጥግ ሲደርስ ሁለት ፖሊሶችዎ አስቆሙት። "ተኛ!" አሉት። ተኛ። አንደኛው ጉልበቱን ማጅራቱ ላይ ተከለ። ቼንጎ ትንፋሽ ሲያጥረው እንደተማረው በቀኝ መዳፉ አስፋልቱን መታ መታ አደረገ፤ አሁንም መታ መታ አደረገ። የእማማ ሲዲ ልጅ ዳማ የእኔ ተማሪ ስለሆነች እናቲቱ ምልክቱን ታውቀዋለች። "ኧረ ልቀቁት! በቃኝ ማለቱ ነው!" ብላ ጮኸች። "እጁን እየው! የሆነ ነገር ሊያወጣ ነው!" አለ ቆሞ ይጠብቅ የነበረው ፖሊስ። ተኮሰም።

፫ኛ፣ ከቀብሩ በኋላ የሠፈሩን ሕዝብ ሰብስበው፣ "ትግል የሠለጠነ ሰው ባዶ እጁን ቢሆንም የታጠቀ ነው" ብለው ስላስተማሩን እጅግ አመሰግናለሁ። እነዚህን ሁሉ ዓመታት ልጆች ሳስታጥቅ መኖሬን የነገረኝ ሰው አልነበረም። የቼንጎ እናት ከሕዝቡ መካከል ተነሥታ፣ "ልጄ ውሃ ነበር የያዘው" ስትልም፣ "እናቴ፣ ይቀመጡ፣ ይደክምዎታል" ብለው በታላቅ ርኅራኄ ስላስቀመጧት ምስጋናዬ ይድረስዎ። በማግስቱ መጋዘናችን ታሸገ፤ የምንወድቅባቸው ፍራሾችም "ያለ ፈቃድ ለወታደራዊ ሥልጠና የዋሉ" ተብለው በኤግዚቢትነት ተወሰዱ።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ቀጥሎ ያለው ግን ቁጥር የሚሰጡት ቅሬታ ሆኖ አላገኘሁትም። ከልጆቹ ገሚሶቹ ወደ ገጀራቸው ተመልሰዋል፤ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ፊታቸውን ያዞራሉ። የቀሩትን ባሕሩ ሲሸሽ አሸዋው ላይ አሠለጥናቸዋለሁ፤ ይህንንም እንዲያውቁት ብዬ እጽፍልዎታለሁ። ባለፈው ሳምንት ዳማን ጓደኛዋ በክንዷ አንገቷን ያዘቻት። ዳማ ዝም አለች። ፊቷ ጠቆረ፣ ዓይኗ ተገለበጠ፣ እጇ ግን አሸዋው ላይ እንደተዘረጋ ቀረ። ሮጬ አላቀቅኋቸው። ነፍሷ ስትመለስ፣ "ለምን አልመታሽም? ልትሞቺ እኮ ነበር!" ብዬ ጮህኩባት። "ቲቸር፣ የመታ ነው የሚሞተው" አለችኝ።

 

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ፖሊሶችዎ "በቃኝ" ማለትን የሚረዱበት አንዳች ምልክት ካለ እንዲያሳውቁኝ በትሕትና እለምናለሁ። እጅ ማንሣት ከሆነ እጅ ማንሣትን፣ ማልቀስ ከሆነም ማልቀስን ከሥር ከመሠረቱ አስተምራቸዋለሁ። ልጆቹ ቶሎ ይገባቸዋል።

መታ መታ ያደረጉትን ትከሻ በእጄ አጥቤ ያስቀበርኩ፣ ለክቡርነትዎ ትንፋሽ ዘወትር የማስብ፣
ታዛዥዎ
ምዋናሻ ኦማሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በስብሰባው ላይ "ምስክር አልተገኘም" ማለትዎን ሰምቼ ድካምዎን ላቀልልዎ ወደድኩ። እማማ ሲዲ ዛሬም በዚያው ጥግ ድንች ትጠብሳለች። እነዚያው ሁለቱ ፖሊሶችዎ ከሥራ ሲወጡ እሷ ዘንድ ቆመው ይበላሉ። ያየችውን ለጠየቃት ሁሉ ለመናገር ዝግጁ ናት፤ እስካሁን የጠየቋት ግን ማባያው ላይ ሚጥሚጣ እንድትጨምርላቸው ብቻ ነው።