ጭድ የሞላነው ድኩላ

ማክሰኞ

ሸጋው ሞተ። ጠዋት እማ ወተቱን ይዛ ስትወጣ ከአጥሩ ሥር ተዘርሮ አገኘችው። ሆዱ ተነፍቷል፤ ከአፉ ጥግ የሰማያዊ ፌስታል ጫፍ ወጥቷል። ስንት ፌስታል ከዚያ አፍ እየጎተትኩ አውጥቻለሁ። የዛሬውን ማን አየው።

እማ አልጮኸችም። ወተቱን ደፋች፣ ጣሳውን አጥባ ሰቀለች፣ ደጃፍ ተቀመጠች። እህል የሚባል አልቀመሰችም።

ለድኩላ ይህን ያህል? የሚል ይኖራል። ሸጋው ግን የወንድሜ የደሴ ነው። ደሴ አምና በአዲስ ቅዳም ከተማ በኩል ለከሰል የሚሆን ዛፍ ሲያስቆርጥ እናቱ ጥላው የሸሸችው ግልገል አገኘና በጃኬቱ ጠቅልሎ አመጣው። እማ በጡጦ አሳደገችው። ኅዳር ላይ ደሴን መኪና ገጨብን። በቀብሩ ዕለት አገር ምድሩ ሲያለቅስ ከእማ ዓይን ጠብ ያለ ነገር የለም። «ልቧ ድንጋይ ነው» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስሙን አልጠራችም። ሸጋውን ግን ቀኑን ሙሉ ታወራው፣ ከመዳፏ ጨው ታስልሰው ነበር።

አሁን እሱም የለ። እሷም ትከተላለች ብዬ ፈራሁ።

ከሰዓት በስልኬ አንድ ፈረንጅ የሞተ አጋዘን ቆዳውን ገፎ መልሶ ሲያቆመው አየሁ። ሕይወት ያለው ነው የሚመስለው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቆዳ ከጂንስ ምን ያህል ቢብስ ነው?

ረቡዕ

ፈረንጁ ያስፈልጋል ያለው፦ ጨው፣ ስለታም ቢላዋ፣ የመስታወት ዓይን፣ በልኩ የተሠራ አካል፣ ስሙን አፌ የማይይዝልኝ መድኃኒት። እኔ ያለኝ፦ ጨውና መርፌ። ኔትወርኩ ደግሞ ሰውዬው የአጋዘኑን ጆሮ ሊገለብጥ ሲል ጠፋ። ጆሮ እንዴት እንደሚገለበጥ ሳላውቅ ልቀር ነው።

ቢላዋ ይዤ ብቆም ሰፈሩ ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ ሴት መቼ ከብት ገፍፋ ታውቃለች። ጎረቤታችንን አያ ስንሻውን ለመንኳቸው። ዕድሜያቸውን ከላም ጋር የኖሩ ሰው ናቸው።

«በክት ልግፈፍልሽ? ያውም በረቡዕ?» አሉኝ። ተቆጥተው ገቡ። ትንሽ ቆይቼ ቢላዋ ሲስሉ ሰማሁ።

ቆዳውን ጨው ነሰነስንበት፤ ሥጋውን ጓሮ ቀበርን። እማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። ምን እንደምሠራ አልነገርኳትም።

ማዶ ያለችው እቴ የሻረግ ወሬውን ከእኛ ቀድማ ለገበያው አድርሳዋለች። «ተባርኮ ያልታረደ ጥንብ ወዳስገቡበት ቤት እግሬን አላነሣም» ብላለች አሉ። ትቅር። ስኳራችን ይበረክታል።

ሐሙስ

ቆዳውን ሳገላብጥ የጀርባው ፀጉር በእጄ መጣ። መዳፍ የሚያህል ቦታ ራሰ በራ ሆነ። በሞተበት ቀን ወዲያውኑ መገፈፍ ነበረበት፤ ማክሰኞን ሙሉ ፌስታሉን ስረግም ዋልኩ። ጭጋጉ ደግሞ እስከ እኩለ ቀን አልተነሣም፣ ቆዳው መድረቅ እንቢ አለኝ።

እማ ዛሬም ውኃ ብቻ።

ለዓይን የሚሆን አገኘሁ። ደንበኛ ትታቸው የቀረች ሁለት የካፖርት ጥቁር ቁልፎች። አራት አራት ቀዳዳ አላቸው፤ ቢሆንም ያበራሉ።

ዓርብ

በሽቦ አጥንት ልሠራለት ሞከርኩ። አቆምኩት፣ ወደቀ። አቆምኩት፣ ተንበረከከ። አያ ስንሻው በአጥሩ በኩል አይተው ሳቁብኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ፈረንጅ ምን ያደርግልሻል? ጥጃ የሞተባትን ላም እንዴት ነው የምናልባት?»

ረስቼው ነው እንጂ ልጅ ሆኜ አይቻለሁ። የጥጃውን ቆዳ ጭድ ይሞሉና ጨው ነስንሰው ላሟ ፊት ያቆሙታል። እሷ ስትልሰው ወተቷን ትለቃለች።

«ላሟ ግን አታውቅም?» አልኳቸው።

«እንዴት አታውቅ። ታውቃለች እንጂ። ግን የምትልሰው ካላገኘች ወተቷን ትይዘዋለች፣ ግቷ ያብጣል፣ ትታመማለች።»

ጭዱን እሳቸው ጠቀጠቁ፣ እኔ ሰፋሁ። ስፌቴ ይታይልኝ፣ ክሩ እንኳ አይታይም። የቀረው ግን ጉድ ነው። የእሳቸው እጅ የሚያውቀው ጥጃ ብቻ ኖሯል። ሸጋው ሰፊ ዳሌና የተንዘረጠጠ ሆድ አወጣ፤ በቀጭን እግር የቆመ ጆንያ። አንዱ ጆሮ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ።

«ትንሽ ወፈረ?» አሉ አያ።

ቅዳሜ

ጠዋት በረንዳ አቆምኩትና እማን እጇን ይዤ አወጣኋት።

ከፊት አየችው። ዞራ አየችው።

«አርግዟል እንዴ?» አለች።

ከዚያ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ለካ እንዲህ ስትስቅ መስማት ናፍቆኝ ነበር። እየሳቀች ቀረብ አለችና ጀርባውን ዳበሰችው። እጇ ራሰ በራው ላይ ሲደርስ ቆመ። እዚያ ላይ ቆየ። «ደሴዋ» አለች ቀስ ብላ። «ደሴዋ፣ የኔ ሸጋ። ብርድ ነው እኮ፣ ጃኬትህን ለሱ ሰጥተህ።» ከዚያ የወጣውን ድምፅ መጻፍ አልችልም።

ጩኸቱን የሰማ ሁሉ መጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየሮጡ፣ ከፊታቸው እግሬን አላነሣም ያለችው እቴ የሻረግ።

«ማን ሞተ? ኧረ ማን ሞተ?»

«ደሴ» አለች እማ።

ማንም «የሞተው ኅዳር ነው እኮ» አላላትም። እቴ የሻረግ አጠገቧ ቁጭ አለች፤ ከዚያ በክት ጎን፣ ቀሚሷ እየነካው። ደረቷን እየመታች ታለቅስላት ጀመር። ሌሎቹም ተቀመጡ። ጎረቤት ንፍሮ አምጥቶ ነበር፤ ሲመሽ እማ ከእጄ ሁለት ጭብጥ በላች።

እሁድ

እማ አሁን ተኝታለች፤ ዓይኗ አብጧል። ቀኑን ስታለቅስ፣ ስለ ደሴ ስታወራ፣ ደግሞ ስታለቅስ ዋለች። ማታ ሾርባ ጠጣች። ነገ ምን ትሆን፣ እንጃ።

ሸጋው ግን መሽተት ጀምሯል። ድንቢጦች ከሆዱ ጭድ እየመዘዙ ነው። ብንቀብረውስ? አልኳት።

«ትንሽ ይቆይ» አለች።

ጨው ጨመርኩበት።